ውሻው የት ይሂድ? የቀበሌ ቤት፣ ኮንዶሚኒየምና የእንስሳት ደንብ በጎንደር

ያደግኩት በቀበሌ ቤት ነው። ግቢያችን ውስጥ አምስት አባወራ ይኖር ነበር። የውጭ በሩ አንድ፣ ቧንቧው አንድ፣ ሽንት ቤቱም አንድ። ቡቺ የምንለው ውሻም ነበረን። የማን ነበር ብትሉኝ ግን ዛሬም መልስ የለኝም። ፍርፋሪ የሚጥልለት ሁሉም ነው። ሌሊት ኮሽታ ሰምቶ ሲጮህም ሁሉም ይመርቀዋል። አንድ ቀን የጎረቤታችንን ትንሽ ልጅ ነከሰው። ያኔ ቡቺ ባለቤት አጣ። "የእናንተ ነው"፣ "ኧረ የእነሱ ነው" ሲባባሉ አመሹ። ማታውኑ ማዳበሪያ ውስጥ ከተው ከአዘዞ ወዲያ ወስደው ጣሉት።

ልጁ መርፌ ተጀመረለት። የዚያን ጊዜው ክትባት በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋ ነበር። እናቱ አዝላው ስትመላለስ አስታውሳለሁ። ሐኪም ቤት መጀመሪያ የተጠየቀችው "ውሻው የት አለ?" ተብላ ነው። ውሻው የለም። ይህ ጥያቄ ለምን እንደተነሳ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። የነከሰ ውሻ ታስሮ ለ10 ቀን ይታያል። በ10ኛው ቀን ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ፣ ሲነክስ በምራቁ የእብድ ውሻ በሽታ አልነበረበትም ማለት ነው። የተጀመረው ክትባትም ሊቆም ይችላል። እኛ ግን ውሻውን ጥለን ማስረጃውንም አብረን ጣልነው። ልጁ መርፌውን በሙሉ ጨረሰ።

ቡቺ በአራተኛው ቀን እያነከሰ ተመለሰ። አንገቱ ላይ ቁስል ነበረበት። ማን እንደነከሰው አናውቅም። ግቢያችን በዚያች ሌሊት "ችግሩን ፈታን" ብሎ ከቀድሞው የባሰ ችግር አመጣ።

ይህን ያነሳሁት ወድጄ አይደለም። አሁን ቤት ፍለጋ ስንወጣ ደላላው ከሚጠይቀን ነገር አንዱ ይኸው ሆኗል። "ቤተሰብ ስንት ናችሁ? ልጅ አለ? ውሻ ምናምን የለም አይደል?" በቀበሌ ቤት ግቢም ጭቅጭቁ ያው ነው። ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ ብሶበታል። አንዱ ደረጃ ላይ ውሻ ያስራል። ሌላው በረንዳው ላይ ዶሮ ያረባል። ሦስተኛው ለፋሲካ የገዛውን በግ ሰባት ቀን እዚያው ያሳድራል። ሰዎች ይጣላሉ። ኮሚቴ ይጠራል። ኮሚቴው "ይውጣ" ይላል። ይውጣ ከተባለ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ የለም። እኔ ዛሬ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ቃሉን እንይ። በሌላው ዓለም ስለ ኪራይ ቤትና ስለ እንስሳ ሲወራ የሚታሰበው ለጓደኝነት የሚያዝ ድመትና ውሻ ነው። በእኛ ቋንቋ "የቤት እንስሳ" ሲባል በጉም፣ ዶሮውም፣ አህያውም ይገባበታል። በቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ገቢው ዝቅተኛ ነው። ድመቷ ጤፉንና ሽሮውን ከአይጥ ታድንለታለች። ዶሮዋ ትጥልለታለች። ውሻው ጥበቃ ለመቅጠር አቅም የሌለው ግቢ ዘበኛ ነው። የሌሊቱ ጸጥታ በማያስተማምንበት ጊዜ ደግሞ የውሻ ጩኸት እንቅልፍ ይሰጣል እንጂ አይነሳም። ስለዚህ ለእኛ የሚሆን ደንብ ከሌላ አገር ተገልብጦ አይመጣም። "ማንኛውም እንስሳ ክልክል ነው" የሚል አንድ መስመር ለአንዱ ፍርድ ነው፣ ለሌላው እንጀራውን መንጠቅ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የቀበሌ ቤት የሚባለው ነገር የመጣው በ1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ታወጀ። ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተሰጡ። እነዚያ ማኅበራት ናቸው በኋላ ቀበሌ የምንላቸው። ከዚያ በላይ የሚከራዩት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። በዚህ መንገድ አንድ ባለጸጋ ይኖርበት ወይም ያከራየው የነበረ ግቢ ለአራትና ለአምስት ቤተሰብ ተከፋፈለ። ቤቱ ተከፈለ፣ ግቢው ግን አልተከፈለም። የእንስሳ ጠብ የሚነሳው ከዚህ ነው። ክፍሌ የእኔ ነው፤ ግቢው የማን ነው? ውሻ ደግሞ የሚኖረው ግቢ ውስጥ እንጂ ክፍል ውስጥ አይደለም።

የኮንዶሚኒየሙ ነገር ይለያል። የጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲያቋቁሙና መተዳደሪያ ደንብ እንዲኖራቸው ያደርጋል። ደረጃው፣ ኮሪደሩ፣ ጣሪያውና ቅጥር ግቢው የጋራ ነው። ስለዚህ በደረጃ ላይ ውሻ ይታሰር፣ አይታሰር የሚለውን የመወሰን ሥልጣን ያለው ማኅበሩ ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ላይ ነው። የማኅበሩ አባል የቤቱ ባለቤት ነው። ብዙ ባለቤት ደግሞ ቤቱን አከራይቶ ሌላ ቦታ ይኖራል። ከውሻው ጋር የሚውለውና ከጎረቤቱ ጋር የሚጋጨው ተከራይ ስብሰባ ላይ ድምፅ የለውም። በዚህ ላይ ደንቡን አይቶት አያውቅም። ያላየውን ደንብ ጥሰሃል ተብሎ ሲከሰስ መናደዱ አይፈረድበትም። እንደ እኔ እንደ እኔ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። ደንቡ ጠበቀ ወይም ላላ ከማለት በፊት ለሚኖርበት ሰው ሊደርሰው ይገባል።

በግል ለተከራየ ደግሞ አዲስ በር ተከፍቷል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት አያንስም። የቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። ብዙዎቻችን ይህን አዋጅ የምናውቀው በኪራይ ጭማሪ ጉዳይ ነው። ለእንስሳ ጉዳይም ግን ይጠቅመናል። ለ2 ዓመት አብሮ ለመኖር ወረቀት ላይ ከተፈረመ፣ ድመት መያዝ ይቻል እንደሆነ አንድ መስመር መጨመር ምን ይከብዳል? በቃል "ግድ የለም፣ ያዣት" የተባለች ሴት፣ አከራይዋ በሦስተኛው ወር ሐሳቡን ሲቀይር ምንም የምታሳየው ነገር የላትም።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አለ። ይህ ለቀበሌ ቤትም፣ ለኮንዶሚኒየምም፣ ለግል ቤትም አንድ ነው። አንቀጽ 2071 እንደሚለው እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው። አምልጦኝ ነው ማለት እንኳ አያድንም። አንቀጽ 2074 ደግሞ አንድ አስገራሚ ነገር ይዟል። ጉዳቱን ያደረሰው የቤት እንስሳ ከሆነና ባለቤቱ ራሱ ጥፋት ከሌለበት፣ እንስሳውን ለተጎጂው አስረክቦ ከኃላፊነት ሊድን ይችላል። ይህ ለበሬ ያስኬዳል። ለተነከሰ ልጅ እናት ውሻውን ማስረከብ ግን ምን ዓይነት ካሳ ነው? አንቀጽ 1225ም መረሳት የለበትም። ሰው በይዞታው ሲጠቀም ከመልካም ጉርብትና አልፎ በጩኸትና በመጥፎ ሽታ ጎረቤቱን እንዳያስቸግር ይከለክላል።

ስለዚህ ሕግ የለም ማለት አይቻልም። ሕጉ ግን የሚናገረው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። እኛ የጎደለን ከጉዳቱ በፊት ያለው ነው። ቡቺን በዚህ መለኪያ እንየው። ኃላፊው ባለቤቱ ነው ይላል ሕጉ። ባለቤቱ ማን ነው? አምስት አባወራ ያበላው ውሻ ላይ ጣቱን የሚቀስር እንጂ እጁን የሚያወጣ አልተገኘም።

ክልከላ የት ያደርሳል?

ብዙ ኮሚቴዎች የሚመርጡት አጭሩን መንገድ ነው። ክልክል ብሎ መገላገል። ስሜታቸው ይገባኛል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣባት ከተማ ደረጃ ላይ የተሸናን ነገር ማን፣ በምን ያጥባል? ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ያደረ ውሻ ያለበት ብሎክ ውስጥ ጠዋት ሥራ ገቢውም፣ ፈተና ያለበት ተማሪም አለ። ይህ ቀልድ አይደለም።

ግን ክልከላው ውሻውን አያጠፋውም። ከግቢ አውጥቶ መንገድ ላይ ይጥለዋል። ተከራዩ "ወይ ውሻውን ወይ ቤቱን" ሲባል ቤቱን ይመርጣል፤ ምን ያድርግ? በዚህ የኪራይ ዋጋ ለውሻ ብሎ ቤት የሚለቅ የለም። ውሻው በባጃጅ ተጭኖ ከሰፈሩ ራቅ ይደረጋል። ከዚያ ወዲያ ክትባት የሚያስከትበው የለም፣ ቢነክስ የሚጠየቅለት የለም፣ ለ10 ቀን አስሮ የሚያየው የለም። በሌሊት ለኪዳን የሚወጡ እናቶች፣ ለሱብሂ ሰላት ወደ መስጊድ የሚሄዱ አባቶች በትር ይዘው የሚወጡት ለማን ነው? ለዚያ ነው። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ሥጋ ቤት በር ላይ ተኮልኩለው የሚያድሩት ውሾች ሁሉ መንገድ ላይ የተወለዱ አይደሉም። አንዳንዶቹ አንገታቸው ላይ የገመድ ምልክት አለ።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው ከውሻ ነው። በሽታው አለበት ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ልጆች ደግሞ የሚጫወቱት በጋራ ግቢ ውስጥ ነው። መድኃኒቱ ግን የታወቀ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። መርዝ ሰጥቶ መግደል ይህን አያመጣም። የተገደሉት ቦታ ላይ ሌሎች፣ ያልተከተቡ ውሾች ይመጣሉ። ባለቤት ያለው ውሻ ደግሞ ለመከተብ ቀላሉ ነው። ስሙን ሲጠሩት ይመጣል፣ ሲይዙት ይቆማል። ታዲያ በክልከላ ከቤት የምናስወጣው የትኛውን ነው? በቀላሉ ልንከትበው የምንችለውን።

እግረ መንገዴን፦ የነከሰው የማንም ውሻ ይሁን፣ የተከተበም ይሁን፣ ቁስሉን ወዲያው በወራጅ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ውሻው እስኪታይ ተብሎ ክትባት አይዘገይም። በእኛ አካባቢ ቅድሚያ ባህላዊ መድኃኒት የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። ጸበሉን ማንም አይከለክልም። መርፌው ግን ቀን አይሰጠውም።

የውጭውን ልምድ በአጭሩ ላንሳ። ሲንጋፖር ውስጥ ከ10 ሰው 8ቱ ገደማ የሚኖረው መንግሥት በሠራቸው አፓርታማዎች ነው። በእነዚያ ቤቶች ድመት ማኖር ከ30 ዓመት በላይ ክልክል ነበር። ሰው ግን ደብቆ ያኖር ነበር። የተደበቀች ድመት አትመዘገብም፣ ሐኪም ዘንድም እንደልብ አትሄድም። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1 ቀን 2024 ጀምሮ ግን ተፈቀደ። በአንድ ቤት እስከ ሁለት ድመት፣ በፈቃድና በምዝገባ። ፈረንሳይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣችው ሕግ በመኖሪያ ቤት ውል ላይ "እንስሳ ማኖር ክልክል ነው" የሚል ሐረግ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። እንስሳው ጉዳትና ረብሻ ካደረሰ ግን ባለቤቱ ይጠየቃል። ሁለቱም አገሮች ከእኛ በብዙ ይለያሉ። ከሁለቱ የወሰድኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ጥያቄውን "እንስሳ ይኑር ወይስ አይኑር?" ከሚለው ወደ "እንዴት ይያዝ?" አዞሩት።

ጎረቤትን መስማት

አንድ ዘመዴ የምትኖርበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ፤ እንደ አብዛኛው የጎንደር ግቢ። እዚያ ያሉ አንዲት እናት ውሻውን በጣም ይቃወሙ ነበር። ሰው ሁሉ ጨካኝ አድርጎ ነው ያያቸው። አንድ ቀን ቁጭ ብላ ጠየቀቻቸው። "ልጄ፣ ውሻውን ጠልቼው አይደለም። ውዱእ አድርጌ ለሰላት ስወጣ ይልሰኛል። በብርድ እንደገና መታጠብ ነው፤ ልብሴንም መቀየር ነው። ውኃውስ ከየት ይመጣል?" አሏት። መፍትሔው የአምስት ደቂቃ ሥራ ሆነ። ውሻው የሚታሰርበት ቦታ ከቧንቧውና ከእሳቸው በር ራቀ። ቀን ታስሮ ይውላል፤ ማታ የውጭው በር ሲዘጋ ይፈታል። ድመቷን ግን እሳቸው ራሳቸው ናቸው የሚያበሏት። ለስንት ወር የተጣሉበት ነገር የቦታና የሰዓት ጉዳይ ሆኖ ተገኘ።

የበዓል በግም እንዲሁ ነው። በግ በሕይወት እያለ የሚያስቸግረው ጥቂት ቀን ነው። ዋናው ነገር ከታረደ በኋላ ያለው ነው። እርዱ ደረጃ ሥር ወይም ለዚሁ በተሠራው የጋራ ቤት ይካሄዳል። ሳንባውና የተበላሸ ጉበቱ ለውሻ ይወረወራል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ደግነት ያየዋል። በበግ ሳንባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት አይታችሁ ይሆናል። ያ የጥገኛ ትል ቋጠሮ ሊሆን ይችላል። ውሻው ጥሬውን ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል። እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል። ከዚያ በአፈር፣ በእጅ፣ ባልታጠበ አትክልት ወደ ሰው ይመጣል። በሰው ጉበትና ሳንባ ላይም ያንኑ ቋጠሮ ይሠራል። ለዓመታት ሳይታወቅ ይቆይና አንዳንዱ በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው። ስለዚህ አንድ የኮንዶሚኒየም ደንብ ስለ ውሻ ብዙ ገጽ ከሚጽፍ፣ "የእርድ ተረፈ ምርት ይቀበራል፣ ጥሬ ለውሻ አይሰጥም" የሚል አንድ መስመር ቢኖረው ይሻላል። ፋሲካና አረፋ ሲቃረቡ በር ላይ ቢለጠፍ ደግሞ ሰው ያነበዋል።

ታዲያ ምን ይጻፍ?

የእኔ ሐሳብ ረጅም አይደለም። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ውሻ ስም ያለው ባለቤት ይኑረው። የግቢ ውሻ ከሆነ እንኳ አንድ ሰው ይፈርምበት፤ ሌላው በገንዘብና በምግብ ያግዘው። ሁለተኛ፣ መኖሩ ከክትባት ጋር ይያያዝ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለባት ከተማ ውስጥ ነን። በዓመት አንድ ጊዜ ውሻ ማስከተብ የማይቻል ነገር አይደለም። የክትባቱ ወረቀት ከኪራይ ደረሰኙ ጋር አብሮ ቢቀመጥ በቂ ነው። ማኅበሩ ወይም ቀበሌው ቀን ቆርጦ ሐኪም ቢጋብዝ ደግሞ ማንም አይቸገርም፤ አሥር ውሻ በአንድ ጠዋት ያልቃል። ድመትም መከተብ አለባት። እሷም ነክሳ ታስተላልፋለችና።

ቁጥሩ በቦታው ይወሰን። አንድ ክፍል ላለው ሰው ሁለት ውሻ ብዙ ነው። ለሰፊ ግቢ ላይሆን ይችላል። ዶሮ ከሆነ የሚታጠርበትን፣ ኩሱ የሚጠረግበትን ቀን መጻፍ ነው። የደረጃና የኮሪደር ጽዳት የባለቤቱ ይሁን። የሰበረውን ይተካል፣ ያቆሸሸውን ያጥባል።

ቅሬታ ሲመጣ የሚኬድበት መንገድም ይጻፍ። እዚህ ላይ ጠንከር እላለሁ። ኮሚቴ ለመጀመሪያ ቅሬታ "ይውጣ" ማለት የለበትም። መጀመሪያ ባለቤቱ ይነገረው፤ የሚታሰርበት ቦታ ወይም ሰዓት ይቀየር፤ ጊዜ ይሰጠው። በመጨረሻ መውጣቱ ግድ ከሆነም፣ ለማን እንደተሰጠ ያሳውቅ። አውጥቶ መጣል በደንቡ ላይ በግልጽ የተከለከለ ይሁን። የነከሰ ውሻ ደግሞ በምንም ምክንያት 10 ቀኑ ሳያልቅ ከግቢ አይወጣም፤ አይገደልም። እንደ አበደ የሚያስጠረጥር ምልክት ካሳየ ለእንስሳት ሐኪም ይነገራል። ይህች አንዲት መስመር ያን ጊዜ በግቢያችን ተጽፋ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ልጅ ያን ሁሉ መርፌ ላያስፈልገው ይችል ነበር።

ተከራዮችም ይጠሩ። ድምፅ ባይኖራቸው እንኳ ደንቡ ሲረቀቅ ይሰሙ። ባለቤቱ ቤቱን ሲያከራይ ኮፒውን ከውሉ ጋር ይስጥ።

የዘመዴ ግቢ ሰዎች ይህን ያደረጉት በአንድ ገጽ ደብተር ወረቀት ነው። ማኅተም የለውም። ስድስት ፊርማ አለው፣ አንደኛው የጣት አሻራ ነው። የውሻው ስም፣ የባለቤቱ ስም፣ የተከተበበት ቀን። ታች ላይ በሌላ ሰው እጅ ጽሑፍ የተጨመረ አንድ መስመር አለ፦ "ማታ የመጨረሻ የገባ ሰው በሩን ሳይዘጋ ውሻውን አይፍታ።" ማን እንደጨመረው ጠየቅኳት። ውሻውን ይቃወሙ የነበሩት እናት ናቸው አለችኝ።